ለድንቡሼ የተገዛው ካልሲየም

እኔ መዋሸት አልችልም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። መዝፈንም አልችልም፣ መዋኘትም አልችልም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ደንበኞቼን «ቅዳሜ ይደርስልሃል» ከማለት በቀር ዋሽቼ አላውቅም፤ እሱ ደግሞ በልብስ ሰፊ ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጠረው። በቀደም ታዲያ አንድ ውሸት ዋሸሁ። ውሸት እንኳ ለመባል አይበቃም፣ አንገቴን ነው የነቀነቅኩት። በዚያች ንቅነቃ የመጣብኝን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ቤቴ ሞያሌ ነው፣ በኬንያ በኩል። ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ወጥተን እዚህ ስንሰፍር አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ይዤ ነበር፤ እስከ ዛሬም የምንበላው በእሷው ነው። እዚህ አገር ሰው በልጁ ነው የሚጠራው። የራህማ እናት ማማ ራህማ ናት፣ የኬቪን አባት ባባ ኬቪን ነው፤ የገዛ ስማቸውን እነሱም ሳይረሱት አይቀሩም። እኔ ግን ፉንዲ ነኝ። ፉንዲ ማለት ባለሙያ፣ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ማለት ነው። ሚስቴ ጽጌም ጽጌ ናት፣ በቃ። ከተጋባን ሃያ አራት ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልሰጠንም። ያልሄድንበት ሐኪም፣ ያልተሳልነው ስለት፣ ያልጠጣነው የሥር መድኃኒት የለም። ከዚያ አንድ ቀን ሁለታችንም ዝም አልን። ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ ከተነሳ አሥር ዓመት አልፎታል። ጽጌ ግን ሕፃን ያዘለች ሴት ሱቃችን በር ላይ ስትቆም ክር የጠፋባት መስላ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ እኔም ተከትያት ገብቼ ክሩን አብሬ እፈልጋለሁ።

ድንቡሼ ደግሞ ውሻ ናት። ከቦሪ ፍየል ጭኖ ከመጣ መኪና ላይ ወረደች፤ ማን እንደጫናት የሚያውቅ የለም። በራችን ላይ ጥቂት ቆማ አሰበችና ገባች። የጎድን አጥንቷ እየተቆጠረ ጽጌ «ድንቡሼ» አለቻት፤ ስሙን ስትሰማ ትወፍራለች ብላ ነው መሰለኝ። አልወፈረችም። ሁለት ዓመት ሙሉ በላች፣ በላች፤ የበላችው የት እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። ዘንድሮ ሆዷ ብቻ በአንድ ጊዜ ድንቡሽ አለ። አርግዛ ነው።

ጽጌ እንቅልፍ አጣች። «ይቺ ቆዳና አጥንት የሆነች እንዴት ብላ ትወልዳለች? ወልዳስ በምኗ ታጠባለች? ትሞትብኛለች» እያለች ትዞራለች። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። ስልኩ ውስጥ አንድ ነጭ ጠጉራም ውሻ ሶፋ ላይ ተጋድሟል፤ አንዲት ሴትዮ ክኒን በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ካልሲየም፣ አይረን፣ ቫይታሚን፣ የዓሣ ዘይት። አንዱ ለአጥንት፣ አንዱ ለደም፣ አንዱ ለጠጉር፣ አንዱ ለአእምሮ። «ለአእምሮ የሚሆነው ለእኔም ይደርሰኛል?» አልኳት። አልሳቀችም። ሁሉንም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና «ሳትይዝ እንዳትመጣ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ባባ ኬቪን አግሮቬት ነው፤ የከብት መድኃኒትና ዘር የሚሸጥበት ሱቅ። ባባ ኬቪን ከሜሩ የመጣ ሰው ነው፣ አማርኛውን እዚሁ ከደንበኞቹ አፍ ነው የለቀመው።

«ቫይታሚን አለ» አለኝ። «ለግመል አለ፣ ለፍየል አለ፣ ለዶሮ አለ። አንተ ምን አለህ?»

«ውሻ።»

«ውሻ ምን ሆነ? ሰው ነከሰ?»

«አይ፣ አርግዛለች። ደከም ብላብኝ ቫይታሚን ልስጣት ብዬ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አጠገቤ ከዳበል የመጡ አንድ ሽማግሌ የፍየል የትል መድኃኒት ይዘው ቆመዋል። «ሳሬፍ?» አሉ፤ ለውሻ? ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔ በደንብ እንድሰማ ወደ አማርኛ ዞሩ። «ልጄ፣ ባለፈው ድርቅ ፍየሎቼ ዓይኔ እያየ ተራ በተራ ሲወድቁ፣ ቫይታሚን ስጣቸው ያለኝ ሰው አልነበረም። ያንተ ውሻ ግን እህል ትበላለች?»

«ትበላለች፣ አባቴ።»

«ዋቃ ይጨምርላት» አሉና ወጡ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የመረቋት። ባባ ኬቪን ሳቁን ሊደብቅ ባንኮኒው ስር ገባ፤ ሌሎቹ መደበቅም አላስፈለጋቸውም። ፊቴ እንደ ካውያ ግሎ ወጣሁ።

መንገድ ላይ አሰብኩ። ካልሲየም ካልሲየም ነው። የሰው ፋርማሲ ገብቼ፣ ወረቀቱን ሰጥቼ፣ ተቀብዬ ብወጣስ? ማን ይጠይቀኛል? ሞያሌ ስንት ዓመት እንደኖርኩ የዘነጋሁት ያን ጊዜ ነው።

ፋርማሲዋ የሃቢባ ናት። ሃቢባ ሰው የምታከብር ልጅ ናት፤ አማርኛዋን ግን ከገበያ ስለተማረችው አንቱ የሚባለው ነገር አልደረሳትም። ከኋላዬ እትዬ ወርቄ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ቆመዋል። እትዬ ወርቄ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከዋልዳ የመጣነው ሰዎች እድር ውስጥ ደግሞ የሴቶቹ አለቃ ናቸው። ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ሲወልድ ከሁሉ ቀድመው ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ከባለቤቱም ይቀድማሉ።

ሃቢባ ወረቀቱን አነበበችና ቀና አለች። «ፉንዲ፣ ይሄ የእርጉዝ ነው። ለማን ነው?»

ለውሻ ልል አፌን ከፈትኩ። የዳበሉ ሽማግሌ ፊታቸው ድቅን አለብኝ። ከኋላዬ እትዬ ወርቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለቤት ነው» አልኩ።

«ለጽጌ?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

ምን ነካኝ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። አይደለም ማለት ስንት ፊደል ነው?

«ስንት ወሯ ነው?» አለች ሃቢባ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ደርሳለች።»

«እንዴት ደረሰች? ሰኞ አይቻታለሁ፣ ሆዷ ምንም አይልም።»

«ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ድራ ቀሚሷን ሰፋ እያደረግኩ እሰፋላታለሁ።» ይህን ያልኩት እኔው ነኝ። በራሴ አፍ።

ሃቢባ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ክኒኖቹን እየደረደረች። «በዚህ ዕድሜ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከባድ ነገር እንዳታሸክማት። ሆስፒታል ይዘሃት ሂድ።» እሺ፣ እሺ ብዬ ስዞር እትዬ ወርቄ የሉም። መድኃኒታቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄደዋል።

ያኔ ነው የሥራዬ መዘዝ የገባኝ። እኔ ልዋረድ፣ ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ። ይህ ወሬ ግን ጽጌ ጆሮ ቢገባ ምን ትሆናለች? ሃያ አራት ዓመት አብረን የሸፈንነውን ነገር በራሴ አንገት ገለጥኩባት። ወሬው እሷ ጋ ሳይደርስ ማጥፋት አለብኝ ብዬ እየማልኩ ቤቴ ገባሁ።

ድንቡሼ ክኒኑን እንቢ አለች። የካልሲየሟ ክኒን የፈረስ ጥርስ ታክላለች። በጉበት ጠቀለልንላት፤ ጉበቱን በላችና ክኒኑን ታጥቦ የደረቀ አስመስላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በእንቁላል ሞከርን፣ እንቁላሉ ሄደ፣ ክኒኑ ቀረ። ፈጭተን በወተት ስንሰጣት ወተቱን ጠጥታ ዱቄቱን ከጣሳው ሥር አስቀረችው። የዓሣ ዘይቱን አፏን ፈልቅቄ ላጎርሳት ስል በጥርሷ አፈነዳችውና አንድ ሼኽ ለጁምዓ ላሰፉት ካንዙ፣ ለነጩ ረጅም ቀሚሳቸው ተረፈ። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እስከ ጁምዓ ድረስ የሰፈር ድመት ሁሉ በሬ ላይ ተሰልፎ ዋለ። በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ ሲነግረኝ ደግሞ፣ ውሻ ከመውለዷ በፊት ካልሲየም መስጠት ጭራሽ አይመከርም፤ አንዳንዴም ይጎዳታል፤ ጥሩ ምግብ ይበቃታል አለኝ። ይህን ሁሉ ጉድ የተሸከምኩት ለማያስፈልግ ነገር ነው።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያው ሰው እጄን ጨብጦ አልለቅ አለኝ። «ሆንጌራ፣ ፉንዲ» አለኝ፤ እንኳን ደስ አለህ ማለቱ ነው። ሁለተኛውም ሆንጌራ። ሦስተኛው ምንም ሳይል ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። እስከ ምሳ ሰዓት ክርስቲያኑ ሣራን፣ ሙስሊሙ የነቢዩ ዘከሪያን ሚስት እየጠቀሰ በሬ ላይ ቆሞ ፈጣሪን ያመሰግናል። ማማ ራህማ የግመል ወተት በቅል ላከች። ለውሻዋ ነው ብዬ ልመልሰው አልችል፣ ልጠጣው አልችል፤ ታቅፌው ቆምኩ።

እትዬ ወርቄን ቀደም ብዬ ልያዛቸው ብዬ ሄድኩ። «እትዬ፣ በፋርማሲው የሰሙት ነገር እኮ ስህተት ነው። ጽጌ አላረገዘችም።»

ግራ ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ጎበዝ። እንዲህ በል። ለማንም እንዳትናገር፣ የሰው ዓይን ክፉ ነው። እኔም ለማንም አልተነፈስኩም።»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ። በማርያም።»

«ማርያም ትቅረባት» አሉና በሩን ዘጉብኝ። ከዚያ በኋላ የካድኩለት ሰው ሁሉ እንደሳቸው እየጠቀሰኝ ሄደ።

ሌላ ዘዴ ቀየስኩ፤ ጽጌ ከቤት እንዳትወጣ ማድረግ። ቲማቲም እኔ ገዛሁ። ዱቄት አስፈጨሁ። ውሃ በጀሪካን ከቧንቧው እስከ ቤት በትከሻዬ አመላለስኩ። ሃያ አራት ዓመት ጀሪካን ያላነሳ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ሲታይ ሰፈሩ ምን ይላል? «አያችሁ? ከባድ ነገር እንዳታሸክማት ተብሎ ነው።» እኔ ለመደበቅ ባደረግኩት ነገር ሁሉ ጽጌ ይበልጥ እያረገዘች ሄደች። እሷም «ምን ሆነሃል? ሞትህ ቀርቧል እንዴ?» እያለች ታየኛለች።

ሐሙስ ዕለት አመለጠችኝ። እኔ ልብስ ላደርስ ወጣ ስል ሽንኩርት ልትገዛ ገበያ ወርዳለች። ስመለስ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ሽንኩርት የለም። ከዘንቢሏ አንዲት ቢጫ የሹራብ ኮፍያ አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። ጡጫዬን የማታክል፣ የአራስ ልጅ ኮፍያ ናት።

«ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠዋ ሴትዮ ሰጠችኝ» አለች።

ዝም አልኩ።

«ማማ ማን ብለን እንጥራሽ ይሉኛል።»

«ምን አልሻቸው?»

«ስም ገና አልወጣለትም አልኳቸው።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አግሮቬቱን፣ የዳበሉን ሽማግሌ፣ ሃቢባን፣ አንገቴን። ጽጌ ስትቆጣ ኬላው ድረስ ይሰማል፤ ቁጣዋን እየጠበቅኩ ካውያውን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። አልተቆጣችም።

«ሽማግሌው ስለሳቁብህ ነው?»

«አልሳቁም። መረቋት እንጂ።»

ያኔ መሳቅ ጀመረች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ እኔም እፎይ ብዬ አብሬያት ሳቅሁ። እኔ ስቄ ስጨርስ እሷ አልጨረሰችም፤ ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆኖባት ነበር። ተነስታ ጓዳ ገባች። ምነው ካውያውን በወረወረችብኝ አልኩ። እውነት ለመናገር በዕድሜዬ እንደዚያች ሰዓት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ቆይቼ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ ከድንቡሼ ክኒን አንዱን ስትውጥ ደረስኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ለኔ ነው ብለህ አይደል የገዛኸው? አንዷን ልዋጣት» አለች፤ ከዚያ «ይህን የሚያህል ነገር ለዚያች ምስኪን ስናጎርስ ነበር?» ብላ ጉሮሮዋን አሸች።

«ነገ በየቤቱ ዞሬ ውሸቴን እናገራለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ብርጭቆውን በእጇ አዞረች፣ አዞረች። «ነገ አትናገር። ከነገ ወዲያ ንገራቸው።»

«ለምን?»

«ነገም ገበያ እሄዳለሁ።»

ምን ይባላል? በነጋታው ድራዋን ለብሳ ወጣች፤ ግማሽ ቀን ቆይታ መጣች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ድንቡሼ ከስፌት መኪናው ኋላ፣ የብጥስጣሽ ጨርቅ ማስቀመጫዬ ላይ ወለደች። አምስት ቡችሎች፤ ድብልብል ያሉ፣ አንዳቸውም አጥንታቸው አይታይም። ጽጌ ተንበርክካ አንድ በአንድ በጨርቅ ታብሳለች። ቡችላ ሲወለድ እንዴት እንደሚጮህ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጠን ያለ፣ የሚንሰቀሰቅ ድምፅ ነው። በእኛና በእትዬ ወርቄ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ ቆርቆሮ ነው።

ከወዲያ በኩል መጀመሪያ አንድ ነገር ወደቀ፣ ሰሃን ይሁን ድስት እንጃ። ከዚያ እልልታ። የእትዬ ወርቄ እልልታ ጋብ ሳይል ሌላው ቤት ተቀበለ፣ ከዚያም ሌላው፤ ወደ ገበያው በኩል ሲወርድ ይሰማኛል።

ሰዓት አልፈጀባቸውም። የእድሩ ወንዶች መጥተው በሬ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ በእትዬ ወርቄ መሪነት መጡ፤ ገንፎ ተገንፍቷል፣ ቅቤ ቀልጧል፣ በርበሬው በስኒ ተይዟል። ማማ ራህማ ወተቷን ይዛ ከኋላ ናት። እኔ በሩ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ስሙኝ። የወለደችው ውሻዋ ናት።»

እትዬ ወርቄ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? ከዓይን እንዲያድነው ውሻ ነው ይለዋል። የኔም አባት ከስንት ልጅ ሞት በኋላ የተወለደውን ወንድሜን እንዲሁ ነበር የሚጠሩት፤ ይኸው አድጎ ወልዶ ከብዷል። ደግ አደረግህ፣ ልጄ። ዞር በል አሁን፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል።»

«ውሻ ናት እላለሁ። እውነተኛ ውሻ። ጭራ ያላት።»

«ይበል፣ ይበል» አሉ ሴቶቹ።

ያኔ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ። ጽጌ እጀታዋን ሰብስባ፣ ጉልበቷ አቧራ ለብሶ ቆማለች። አንዲት ቡችላ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። «እውነቱን ነው» አለች። «የወለደችው ድንቡሼ ናት። እኔ አይደለሁም። እሱ አፍሮ ዋሸ፣ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ።»

እትዬ ወርቄ የጽጌን ሆድ አዩ። ቡችላዋን አዩ። እኔን ሲያዩ መሬት ብትከፈት በገባሁባት። ገንፎውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው ያዙ። ከኋላ ያሉት አንድ ሁለቱ ቀስ ብለው ለመመለስ ዞሩ።

«የት ትሄዳላችሁ?» አለች ጽጌ።

«እንግዲህ… ገንፎውን እንመልሰው» አለች አንዷ።

«አይመለስም።» ድምፅዋ አልጮኸም። «በዚህ ከተማ ገንፎ ተሸክሜ ያልገባሁበት የአራስ ቤት የለም። ሃያ አራት ዓመት። ወደኔ ቤት አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም። ዛሬ መጥቷል፣ እበላዋለሁ። ግቡ።»

እትዬ ወርቄ ጫማቸውን አወለቁና ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ማማ ራህማ ውሻዋ ስላለች ደፉን አልተሻገረችም፤ ውጭ ቆማ ክንዷ የደረሰውን ያህል ዘርግታ ቅሉን አቀበለች፣ እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። ጽጌ አልጋው ላይ ወጣች። እትዬ ወርቄ ገንፎውን መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤውን አፈሰሱ፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ ዛቁና ወደ አፏ ሰደዱ። ጽጌ ጎረሰች። ሴቶቹ እንደ አራስ ቤት ዙሪያዋን ተቀመጡ፤ አንዷ ትራሱን ከጀርባዋ አስተካከለችላት።

እኔም ወተቱን ይዤ ላግዝ ብዬ አንድ እግሬን አስገባሁ።

«አንተ ውጣ» አለችኝ ጽጌ፣ ቀና ሳትል። «አራስ ቤት ወንድ አይቀመጥም።»

ወጣሁ። የእድሩ ወንዶች ሁሉንም ሰምተዋል። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ማንኪያና ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማል፤ ጽጌ «ጨው አንሶታል» ስትል ይሰማል። አለቀስኩ። ወንዶቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው የሚያልፈውን መኪና ይመለከቱ ጀመር።